ጉሮሮዬን ላተረፉልኝ ጋሼ

አምና ክረምት ድምፄ ዝግት አለ። ከጓደኞቼ ጋር ሮክ እንጫወታለን። ጅማ ውስጥ ሮክ? አዎ፣ ጅማ ውስጥ። ቅዳሜ ማታ ዘፈኑ ሲጋጋል ያቺን ሻካራ ጩኸት እለቃታለሁ፣ ቤቱ ይናወጣል። እሁድ ጠዋት እናቴ ጋ ስደውል «ማን ልበል?» ትለኛለች።

ምክር መቼም አይጠፋም። ማር ላስ፣ ዝንጅብል አኝክ። አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይ ደግሞ «ጩህበት፣ ይለምዳል» ብሎ ብሬን በላ። ለካ ማሩም ቢሆን የድምፅ አውታሩ ጋ አይደርስም፤ የምንውጠው በሌላ መንገድ ነው የሚያልፈው።

በመጨረሻ ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችን ሂርማታ አካባቢ ድምፅ የሚያስተምሩ ጋሼ ጋ ወሰደኝ። በመጀመሪያው ቀን አላስዘፈኑኝም። በርጩማ ላይ አስቀምጠው «ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ። ወር አለፈው ስላቸው፣ «በል መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ብለው ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሰደዱኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ሐኪሙ በካሜራ አየው። አውታሮቹ አብጠዋል፣ እባጭ ግን አላበቀሉም። እፎይ!

ሲሻለኝ ተመለስኩ። ያኔ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ሻካራውን ድምፅ የማወጣው አውታሮቼን እርስ በርስ እየፋቅኩ ነበር። እነሱ ደግሞ ወንድ ሲናገር በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ የሚርገበገቡ ስስ እጥፋቶች ናቸው። ከእነሱ ከፍ ብሎ ሌላ ጥንድ እጥፋት አለ፤ ሐሰተኛ አውታር ይባላል። በትክክል ሲሠራ የላይኞቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ የታችኞቹ ዜማውን ንጹሕ አድርገው ይይዛሉ። ጊታሪስታችን ይህን ስነግረው «የጊታሩ ክር ያው ነው፣ ድምፁን የሚያሻክረው በእግር የምረግጠው ፔዳል ነው በለኛ» አለ። ሩሲያ ውስጥ ያሉት የቱቫ ዘፋኞች በእነዚሁ የላይኛ እጥፋቶች ከራሳቸው ድምፅ አንድ ኦክታቭ የወረደ ጉርምርምታ ያወጣሉ። ለእኔ ጆሮ ፉካሪ ሲጎረንን የምሰማው ነገር ነው የመሰለኝ።

ልምምዱ ግን ምንም አያስፎክርም። ስትሮ ውሃ ውስጥ ነክሬ እያንጎራጎርኩ አረፋ አስነሳለሁ። ከዚያ ጆንያ ሲያነሱ የምትወጣዋን «እህ» ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ትንሽ ትንሽ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ዕረፍት። ጩኸቱን ለማይኩ ተወው ይላሉ። ጉሮሮዬ ከከረከረኝ ወይም ካሳለኝ የዕለቱ ትምህርት አበቃ። ጉሮሮ መጥረግ ክልክል ነው። ድምፅ ሲደክም ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፣ ዝም ማለት ነው እንጂ። ቡናን ግን አልደፈሩም፤ የጅማ ሰው ናቸዋ። «ውሃ ጨምርበት» ብቻ አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘፈንኩ። እሁድ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ «ምነው ድምፅህ ደህና ነው፣ ትናንት ሥራ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ አደርሰዋለሁ። ችኩል ከሆናችሁ ግን አትልፉ፤ እኔን ሁለት ወር ሙሉ አንድም ጩኸት አላስጮኹኝም። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ዝናብ ከጣለ ትምህርት የለም፤ የቤቱ ቆርቆሮ ከሁላችንም በላይ ይጮኻል።