የክንድ ማንጠልጠያ ለወለቀ ትከሻ

ደሴና ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው ባለከረጢቱ የክንድ ማንጠልጠያ፣ ትከሻው ወልቆ ለተመለሰለት ሰው በነጠላ ከማንገት ይሻላል፤ ክርኑን ከታች ይደግፋል። ሲገዙ ከረጢቱ ከክርን እስከ ጣቶች ሥር መድረሱን ይዩ፤ ካጠረ የእጅ አንጓ ተንጠልጥሎ እጅ ያብጣል። ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ ቀጭኑ አንገት ይቆርጣል። በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ስፖንጁ ላብ ይይዛል፤ ብብትን በየቀኑ አጥቦ ማድረቅ ነው።

ዕቃው ሕመም ያስታግሳል እንጂ የተቀደደውን ላብረም፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ለስላሳ ጠርዝ፣ አይጠግንም። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይበቃል፤ ሲበዛ ትከሻው ይደርቃል። ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሱ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። ክንድን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ኋላ ማዞር ግን ለ6 ሳምንት ያህል አይደረግ፤ ትከሻው አብዛኛውን ጊዜ ዳግም የሚወልቀው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ራጅ አጥንትን እንጂ ላብረምን አያሳይም። ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ፣ በተለይ የወጣት፣ ኤምአርአይ (ላብረምን ጭምር የሚያሳይ ምርመራ) እና የአጥንት ሐኪም ይፈልጋል። ራጅ ሳይነሱ ወጌሻ ዘንድ ማስጎተት ያልታየ ስብራትን ሊያባብስ ይችላል። የትከሻው ውጫዊ ጎን ከደነዘዘ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንጠልጠያ ከመግዛት ሐኪም ቤት መሄድ ይቀድማል።