የጎንደር ነዋየ ቅድሳት ሱቆች ስቲከር፦ የቱን እንግዛ?

ጥምቀት ሲቃረብ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍና በነዋየ ቅድሳት ሱቆች የሚደረደረው ስቲከር ከወረቀት ወይም ከቪኒል (ከስስ ፕላስቲክ) የተሠራ ነው። ሥዕሉ የቅዱሳን፣ ጽሑፉም ጸሎት ወይም ምክር ስለሆነ ጥራቱን እንደ ተራ ዕቃ ማየት አይገባም። ተልጦ የወደቀ የእመቤታችን ሥዕል በእግር ይረገጣልና።

የሉሁን ጥግ በቀስታ እጠፉት። ነጭ መስመር ከተወ ወረቀት ነው፤ ተመልሶ ከተዘረጋ ቪኒል። ወረቀቱን ደጅ ለሚውል ነገር አትግዙት። የሐምሌ ዝናብ በጠርዙ ይገባና ያብጣል፤ ሥዕሉ ከሙጫው ይለያያል። ለደብተርና ለልጆች አልበም ግን ይበቃል።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚሆነውን የትንንሽ ሥዕል ሉህ ወደነዋል። ሐሳቡም የቆየ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓ የፖስታ ቴምብር የሚመስሉ፣ ጠርዛቸው የተበሳሳ፣ ጀርባቸው ሙጫ የተቀባ፣ ግን ለደብዳቤ መላኪያ የማያገለግሉ ሥዕሎች በብዛት ይታተሙ ነበር። ከመጠጥ መራቅን ይሰብኩባቸው፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ያሰባስቡባቸው ነበር። የዴንማርኩ የፖስታ ሠራተኛ አይናር ሆልቦል ያመነጨው የገና ቴምብር በ1904 እ.ኤ.አ. የወጣው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕፃናት ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ልጅ በየሰንበቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲመጣ አንድ ሥዕል እየተሰጠው በአልበሙ ይለጥፍ ነበር፤ ከቀረ ቦታው ባዶ ይታያል። እዚህም ሉሁን በሙሉ ከመስጠት በየእሑዱ አንዳንድ መስጠት ይሻላል። ሲገዙ አንዱን ላጥ አድርጎ መሞከር ነው፦ መቁረጫው በጣም ጠልቆ ከሆነ ሥዕሉ ከነጀርባው ይረግፋል፣ ካልጠለቀ ሲላጥ ይቀደዳል።

የሥዕሉ ነገር ያሳዝናል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ዐይናቸውን አፍጥጠው በሚያዩ መላእክት በተሞላበት ከተማ አብዛኛው ስቲከር ከአውሮፓ ሥዕል የተቀዳ ነው። የራሳችን ሥዕል ቅዱሳኑን በሁለት ዐይን፣ ክፉዎቹን ብዙ ጊዜ በጎን በአንድ ዐይን ይስላል፤ ልጅ እንኳ ያለ ጽሑፍ ይረዳዋል። የጎንደር ሥዕል ያለበት ሲገኝ እሱን ውሰዱ፤ ግን ብርሃነ አክሊሉ በመቁረጫው እንዳልተገመሰ እዩ። የዐይኑን ብሌን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጠርዙ እንደ ደረጃ ከተሸራረፈ ትንሽ ፎቶ ተለጥጦ የታተመ ነው። ፊደሉም መጠኑ ትንሽ፣ መስመሩ ወፍራም ከሆነ የ«ቤ» ቀለበት ቀለም ይሞላውና «ቢ» ይመስላል።

ለባጃጅ መስታወት ላሚኔት የተደረገ (ከላዩ ግልጽ ፕላስቲክ የተለበደ) ቪኒል ብቻ ነው የምንመክረው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በርካሽ ቀለም የታተመው ቢጫውና ቀዩ ቀድሞ ይለቅና የቅዱስ ሚካኤል ልብስ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መስታወቱን በሳሙና አጥባችሁ በአልኮል ወልውሉ፤ አቧራ ከቀረ እዚያው ላይ አረፋ ይሠራል። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አትለጥፉ፣ ሙጫው አይይዝም። ጀርባውን በአንዴ አትላጡት፤ ከአንድ ወገን ጥቂት ገልጣችሁ ካስያዛችሁ በኋላ ቀሪውን እየሳባችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ተጫኑ። ለ24 ሰዓት ውኃ አይንካው። የሾፌሩን እይታ በሚከልል ቦታ ፈጽሞ አይለጠፍም።

ያረጀውን በምላጭ አትፋቁ፣ የሥዕሉ ፊት ይቆራረጣል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ ከጥጉ በቀስታ ሳቡ፤ የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉ። የተላጠውን ሥዕል ቆሻሻ ውስጥ ሳትጥሉ ለካህን አስረክቡ።