ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ይህን ባለሙያ እወቁልኝ

ሙያ ያለው ሰው አግኝቶ ዝም ማለት ንፉግነት ስለመሰለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ቤቴ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማጠናከሪያ አስተምራለሁ። ልጆቹ በአንዲት ጠባብ ሞኒተር ላይ ከሚደራረቡ ብዬ አሮጌውን ዴስክቶፕ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር ላገናኝ ፈለግሁ። ኮምፒውተሩ ያለው ቪጂኤ የሚባለው የድሮው የምስል መሰኪያ ብቻ፣ ቴሌቪዥኑ ያለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው አዲሱ መሰኪያ ብቻ። ባለሱቁ «ይቺ ታገናኝልሻለች» ብሎ መቀየሪያ ሰጠኝ። ተሰካች፤ «ኖ ሲግናል»። አንድ ጠጋኝ መጥቶ አየና «መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱን በልቶታል» አለ። የጠራው ዋጋ ሌላ ቴሌቪዥን ለመግዛት ትንሽ ነው የሚቀረው።

ይኼኔ ነው ጎረቤቴ ይህን ልጅ የጠራችልኝ። ስሜን አታውጪው ስላለኝ «ልጁ» እያልኩ ልቀጥል። መፍቻ እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። የዲሹን ሪሲቨር ገመድ አምጥቶ ኮምፒውተሩ በነበረበት ቀዳዳ ሰካው፤ በሪሞቱ ሶርሱን፣ ማለትም ምስሉ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ መረጠ፤ ዜናው ጥርት ብሎ መጣ።

«እትዬ፣ ቦርዱ ምን በደለ? ይኸው እያዩት!»

ከዚያ መቀየሪያዋን አገላብጦ ጽሑፏን አሳየኝ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይር ናት፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን። በገመድ ስትቀጠል በሁለቱም ወገን ስለምትገጥም ሰው ታታልላለች እንጂ ውስጧ ያለው ቺፕ የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትክክለኛዋን አመጣልኝ። ይቺኛዋ ኃይል ከዩኤስቢ ትስባለች፤ ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍም ድምፁን በቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ ወሰደላት።

አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ይህን ምስል አልደግፍም አለ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሱ ደስ አለው! ሲግናሉ ባይደርስ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር ብሎ አስረዳኝ። ሞኒተሩን መልሶ ሰክቶ ቅንብሩን ሲከፍት ኮምፒውተሩ 75 ኸርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ምስሉን በሴኮንድ 75 ጊዜ ያድሳል ማለት ነው፤ ወደ 60 አወረደው፣ ጥራቱንም 1280 በ720 አደረገው። ምስሉ መጣ። ጠርዙ ተቆርጦ ከታች ያለው የስታርት መስመር አልታይ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳይነካ በቴሌቪዥኑ የስዕል ቅንብር «ስክሪን ፊት» የሚለውን መረጠ። እጁን ቁርጥማት አይንካው።

ላፕቶፕ ላላችሁ የነገረኝን ላካፍል፦ ገመዱ ደህና ሆኖ ምስል ካልመጣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭናችሁ «ዱፕሊኬት»ን ምረጡ። ምስል መጥቶ ድምፅ ከቀረ ደግሞ የድምፅ ምልክቷን ነክታችሁ የቴሌቪዥኑን ስም ምረጡ።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ ሰዓት ላይ እንኳ ትንሽ ነው፤ ጠዋት ብሎ ከሰዓት ነው የመጣው። ያስከፈለኝ ግን ከመቀየሪያዋ ዋጋ ብዙም አልዘለለም፤ ቡና ጠጥቶ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ነቅለው እንዲሰኩ አሳይቶ ሄደ።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቀን ካስያዛችሁት ቡሬም ይሄዳል። ከመምጣቱ በፊት የቴሌቪዥኑንና የኮምፒውተሩን የጀርባ መሰኪያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ የሚሆነውን ገመድ ይዞ ይመጣል።