ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ የሚለበስ ሸሚዝ፦ የጠባሴዋ ልብስ ሰፊ ሥራ

ለቸኮለች መልሱን ላስቀድም። ሁለቱንም ጡት ለማስወገድ ቀጠሮ ከተያዘልሽና ደብረ ብርሃን ወይ አካባቢዋ ካለሽ፣ ጠባሴ ያለችው ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ ከፊት የሚከፈት፣ ከውስጥ ኪስ ያለው ሸሚዝ አሰፊ። ሁለት አሰፊ። ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሁን። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ፤ አንዷን የት እንደጣለቻት እነግርሻለሁ።

ሐኪሞቹ ስለ ካንሰሩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ቀጠሮው ይነግሩሻል። ቤት ገብተሽ ምን እንደምትለብሺ ግን የሚነግርሽ የለም። ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም።

ከሆስፒታል ስወጣ በሁለቱም ጎኔ ቱቦ ተንጠልጥሎ ነበር። ድሬን ይሉታል። ቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደምና ፈሳሽ እየሳበ ጫፉ ላይ ወዳለች የፕላስቲክ ኳስ ያወርዳል። ኳሷ የምትስበው ተጨምቃ ስትዘጋ ነው፤ ከሞላች ወይ አየር ከገባት ሥራዋን ታቆማለች። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስቴ እጅሽን ታጥበሽ ትከፍቻታለሽ፣ ፈሳሹን በሚሊ ሊትር ለክተሽ ትጽፊያለሽ፣ ትደፊዋለሽ፣ ጨምቀሽ መልሰሽ ትዘጊያታለሽ። ፈሳሹ መጀመሪያ ቀይ ነው፤ እያደር ይደበዝዛል፣ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ። ብዙ ሐኪሞች ቱቦውን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። አንዳንዷ በሳምንት ትገላገላለች፣ አንዳንዷ ሦስት ሳምንት ይዛው ትቆያለች።

ታዲያ እነዚህን ኳሶች የት ታደርጊያቸዋለሽ? ሆስፒታል በመርፌ ቁልፍ ጋውኑ ላይ አያያዙልኝ። ቤት ሲሆን ጋውን የለም። በነጠላ ልቋጥረው ብትዪ ይፈታል፣ በእጅሽ ልያዘው ብትዪ እጅሽ ለሌላ ነገር ያስፈልግሻል፣ ዝም ብለሽ ብትተዪው ደግሞ ቱቦው የበር እጀታ ላይ ይጠለፍና ሲጎትትሽ ነፍስሽ ትወጣለች። ቲሸርትና ሹራብ በጭንቅላት መልበስማ አይታሰብም፤ ክንድ ወደ ላይ አይሄድም። በዚያ ላይ የእኛ አገር ብርድ! ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠሽ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ደረትሽን ከፍተሽ አትውዪም።

በቴሌግራም የሚሸጥ «ለቀዶ ጥገና የሚሆን» የሚባል የውጭ ዕቃም አይቻለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ናይለን ነው፣ ውድ ነው፣ ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ የሚቆለፈው በጀርባ ነው። ክንዷ የማይታዘዝላት ሴት ጀርባዋ ላይ እንዴት አድርጋ ትቆልፍ? ይህን የሠራ ሰው አንድም ታማሚ አላናገረም።

ወደ ጠባሴዋ ልመለስ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ሁለት መኪና (ስፌት ማለቴ ነው) እና አንድ መጋረጃ። እህቴ ናት የወሰደችኝ። ምን እንደምንፈልግ ስንነግራት ሥራ የሚያግዟትን ልጆች ወደ ውጭ ላከቻቸውና መጋረጃውን ስባ ለካችኝ። «አይዞሽ እቴ» አለች፣ በቃ። አልጠየቀችኝም፣ ከንፈር አልመጠጠችም። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባታል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቤት የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ሲያየኝ ልዩነቱ ገብቶኛል።

ጨርቁን ከገበያ ራሳችን ገዛን፣ ለስላሳ የጥጥ ፍላኔል። ለስፌቱ በአንዱ ሸሚዝ 450 ብር አስከፈለችን። አቆራረጧ ነው ያስደሰተኝ። ፋሻ ከሥሩ ስለሚኖር ደረቱን ሰፋ አደረገችው። ብብት ላይ የሚያልፈውን ስፌት ወደ ኋላ ገፋችው፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቁስል እዚያ ድረስ ይደርሳልና ስፌት ቢያርፍበት ያሳክካል፣ ይፈገፍጋል። እጅጌውን ሰፊ አድርጋ ጫፉ ላይ ላስቲክ ልታስገባ ስትል እህቴ አስቆመቻት። የብብት እጢ ከወጣ ክንድ ሊያብጥ ስለሚችል የሚያጠብቅ ነገር አይመከርም። የዚያ ወገን ክንድ ላይ ግፊት ለመለካትም ሆነ መርፌ ለመወጋት መጀመሪያ ሐኪምሽን መጠየቅ ያለብሽም ለዚሁ ነው።

ኪሶቹ ከውስጥ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት፣ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብለው። ኳሷ ከቁስሉ በታች መሆን አለባት፤ ከፍ ካለች ፈሳሹ እንደልቡ አይወርድም። ኪሱ አፍ ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ትንሽ ክፍተት ትታለች፤ እሱን ማንም አላዘዛትም፣ ከራሷ ነው። እንግዳ ፊት ስቀመጥ ቱቦም ኳስም አይታይም። ጋቢ ደርቤ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ማንም አላወቀ።

ከተራፊው ጨርቅ ደግሞ ጥጥ ጠቅጥቃ ሁለት ትንንሽ ትራሶች ሰፋችልን። ሳልጠይቃት። ከሸሚዙ እኩል የጠቀሙኝ እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይደለም፤ ማታ በጀርባ እንጂ በጎን መተኛት ስለማይቻል ክንዶቼን አሳርፍባቸዋለሁ፣ ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ያን 130 ኪሎ ሜትር፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን እያለፍን፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በቀበቶውና በደረቴ መሀል ያለችው ትራስ ናት የያዘችኝ። ሌላም ጥቅም አላት። የእኛ ሰላምታ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ጠያቂው ደግሞ በፍቅር ይመጣና ይገጭሻል። ትራሷን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ከተቀመጥሽ ማንም አይደፍርሽም።

አሁን የጎደለችዋ ኮከብ። ቀጠሮ! የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ «ማክሰኞ ነይ» የተባለው አርብ ደረሰ፣ ያውም እህቴ ተመላልሳ። ለሠርግ ልብስ ቢሆን ይሁን፣ ሆስፒታል ግን «ሸሚዟ አልደረሰም» ብሎ ወረፋሽን አያቆይልሽም። ሌላው ቁልፉ ነው። ትንንሽ፣ ድርድር ያለ የሸሚዝ ቁልፍ አድርጋበታለች። ያን ሁሉ በቀን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ያታክታል። ጠቅ የሚለውን የብረት ቁልፍ አድርጊልኝ በያት፤ ቬልክሮ የሚባለው ማጣበቂያ ግን ይቅር፣ ሻካራው ፊቱ ሰውነት ይቧጫል።

ከጥጥ የተሠራ ጡትም ትሠራለች፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ። እሱ መካከለኛ ነው። ልስላሴው ጥሩ፣ ቅርጹም አያሳፍርም፤ ግን ክብደት ስለሌለው ክንድሽን ስታነሺ ወደ አንገትሽ ይወጣል። ስነግራት «ተልባ ልጨምርበት?» አለችኝ። ካጠብኩት ይበቅልብኛል አልኳት። ሳቅን፣ እኔ ቁስሌን ይዤ። እውነቱን ለመናገር እኔ አሁን ያለምንም ነገር ነው የምሄደው፣ ነጠላ ለብሼ ማን ያየኛል። ሌላዋ ብትፈልገው ግን መቼ ማድረግ እንደምትችል ሐኪሟን ትጠይቅ።

አንድ ነገር ከሸሚዙ ውጪ። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ከቀላና ከሞቀ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይ ቢጫ የነበረው ድንገት ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ደውዪ። ድሬኑ ከወጣ በኋላ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊያብጥ ይችላል፤ የተለመደ ነው፣ ግን ይታይ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካንማ አትንኪው፣ 20 ኪሎ ነው። ሊጡንም ሌላ ሰው ያቡካው። ጣትሽን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ የማስኬዱን እንቅስቃሴ ግን ሐኪምሽ ከፈቀደ አትተዪው፤ እጅጌው ሰፊ መሆኑ የሚጠቅምሽ ያኔ ነው።

ለምትሄዱ፦ በገበያ ቀንና በዓል ሲቃረብ አትሂዱ፣ የሐበሻ ቀሚስ ወረፋ ስለሚይዛት ቀና ብላም አታያችሁ። ጨርቁን አስቀድማችሁ አጥባችሁ አድርቁት፣ ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል። ደም ሲነካው በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚታጠበው፣ ሙቅ ውኃ ያጸናዋል። በክረምት ከሆነ ሁለቱ አይበቃም፣ አይደርቅምና ሦስት ይሁን። የኪሱን ቦታ ስትለካ ደግሞ ቆማችሁ ብቻ ሳይሆን ተቀምጣችሁም አስለኩ፤ ያለዚያ ስትቀመጡ ኳሷ ጭናችሁ ሥር ትገባለች።