ዋስትናው ለስክሪኑ፣ ጣጣው ለባለመኪናው

ስክሪን የሚሸጥ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ «ዋራንቲውን እናራዝምልዎ?» ዋጋው ተከራክረውበት አልቆ ገንዘቡ ሊቆጠር ሲል ስለምትመጣ ብዙ ሰው «ይሁና» ብሎ ያልፋታል። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና ወይም ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሄዶ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድሮይድ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራና አላርም የሚያስገጥም ባለመኪና ግን ቆም ብሎ ቢያሰላ ይሻለዋል። ከዕቃው ጋር የሚሰጠው ዋስትና ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለስክሪን፣ ለካሜራና ለአላርም አያዋጣም። የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ይለያል፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ስክሪኑ 20,000 ብር ቢሆንና ለተጨማሪ 1 ዓመት 3,000 ብር ቢጠየቅ ከዋጋው 15 በመቶ ነው። ክፍያው ኪሳራ የማይሆነው ከ100 ስክሪን 15ቱ በሁለተኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ቢበላሹና ሻጩ ሁሉንም ያለ ክርክር ቢቀይር ነው። ከብልሽቱ ግማሹን «ይሄ እኛን አይመለከትም» ካለ ደግሞ 30ው መበላሸት አለባቸው። ኤሌክትሮኒክስ እንዲህ አይበላሽም። የፋብሪካ እንከን ያለበት ዕቃ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ራሱን ያጋልጣል፤ ያንን ያለፈው ከውጭ የሚጎዳው ነገር ካላገኘው ለዓመታት ይሠራል። የተራዘመው ዋስትና የሚጀምረው እንግዲህ ዕቃው ደህና በሆነበት ጊዜ ላይ ነው።

ከውጭ የሚጎዳው ነገር ሁሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ «አይሸፈንም» ከሚለው ስር ተጽፏል። ዋናው ገጠማው ነው። ከስክሪኑ ጀርባ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው መስመር፣ ጥቁሩ ከማሳ (ከመኪናው አካል ብረት) ጋር ይገናኛል። የቸኮለ ገጣሚ ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ናስትሮ ይጠቀልልበታል። ስክሪኑ ይበራል፣ ዘፈኑም ይወጣል፤ ግን መኪናው ሲቆም አይተኛም። 1 አምፒር እየሳበ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ቢቆይ 36 አምፒር ሰዓት ይወስዳል፤ የቪትዝ ባትሪ ሙሉ አቅሙ 40 ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ውጭ ያደረ ባትሪ ደግሞ ያንንም ያህል አቅም የለውም። ሰኞ ጠዋት ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገላበጠ ስክሪኑ ይቃጠላል። ያኔ ዋስትና ሰጪው የቦርዱን መቃጠል አይቶ «የኃይል ስህተት ነው» ብሎ ይመልስዎታል። ልክ ነው፣ የኃይል ስህተት ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም እንዲሁ ነው። ሞተር ተነስቶ ቴስተር ባትሪው ላይ ሲደረግ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ቮልቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር ተበላሽቶ 15 ቮልት ካለፈ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ስክሪን። ይህን ሳይለካ ስክሪን የሚገጥም ባለሙያ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የአካባቢው መኪኖች አይሱዙና ሲኖ ናቸው፤ እነዚህ 24 ቮልት ናቸው። ስክሪኑ 12 ቮልት ስለሆነ አንዳንዱ ገጣሚ ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል ሽቦ ስቦ 12 ቮልት ያወጣል። ያኔ ስክሪኑን የሚመግበው አንዱ ባትሪ ብቻ ነው፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞላው። የሚመግበው ሁልጊዜ ጎድሎ ይኖራል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውኃው ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን የሚወጣ አይሱዙ ባትሪው በወራት ውስጥ ሲሞት ባለቤቱ ባትሪ ሻጩን ይረግማል። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ማስገባት ነው፤ አምፕሊፋየር ለሌለው ስክሪን ያለማቋረጥ 10 አምፒር የሚሰጥ ይበቃል። ኮንቨርተር በሌለበት የጭነት መኪና ላይ የተገዛ ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው።

የኋላ ካሜራ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ወይ ውኃ ይገባበታል፣ ወይ የኋላው በር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሽቦው ይቆረጣል። የሽቦው መቆረጥ ዋስትና ውስጥ የለም፤ ካሜራው ራሱ ርካሽ ነው።

ከዚያ ርቀቱ አለ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለመሐል ሜዳና ለአጣዬ ሰው ከዚያም ይብሳል። ዋስትናው በአብዛኛው ዕቃውን ብቻ ነው የሚያየው። ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ፈትቶ ስክሪኑን የማውጫ፣ መልሶ የመግጠሚያ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የሚባክነው ቀን በባለመኪናው ነው። «ትተኸው ሂድ፣ እናይልሃለን» ከተባለ ደግሞ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው፤ እስከዚያ የክሩስኮቱ ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ከተራዘመው ዋስትና ይልቅ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ይጠቅማሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ለዚህ መብት ተጨማሪ ክፍያ የለም። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ስክሪኑን አይማሩት። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ አቁመው ያብሩትና ሳይነኩት ራሱ የሚጫን ቦታ እንዳለ ይዩ። ማለዳ በብርዱ ያስነሱት። የኋላ ማርሽ ደጋግመው ያስገቡ፤ ስልክ ደውለው ድምፅዎ ለወዲያኛው ይሰማ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ አብረው ሲሠሩ ሬዲዮው ይንጫጫ እንደሆነ ያዳምጡ።

አንድ ልኬት ግን አይቅር። ቁልፉን አውጥተው በሮቹን ይዝጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው፣ 10 አምፒር ላይ የተደረገ ቴስተር በባትሪው ኔጌቲቭና በተፈታው ገመድ መሃል ያስገቡና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ጤና ነው። 0.3ና ከዚያ በላይ ካሳየ የስክሪኑን ፊውዝ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ ወዲያው ከወረደ ያልተኛው ስክሪኑ ነው። ቴስተሩ እዚያ እያለ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ለዋስትና ሊከፈል የነበረው ብር ገጠማው ላይ ቢውል ይሻላል፦ ለስክሪኑ ብቻ የሚሆን ፊውዝ፣ በናስትሮ ብቻ ሳይሆን በስታኞ (በቀለጠ ቆርቆሮ) የተያያዘ ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ የታሰረ ማሳ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ደግፎ የሚይዝ የብረት ማሰሪያ። የመጨረሻው ፒስታ ለሚሄድ መኪና ግዴታ ነው፤ በፕላስቲክ ፍሬሙ ብቻ የተንጠለጠለ ስክሪን ሲንገጫገጭ ውሎ ሶኬቱ ይላላል፣ ቦርዱም ይሰነጠቃል።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪናው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው የሚገዛው ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው። ቻይና ውስጥ ለባትሪው፣ ለሞተሩና ለመቆጣጠሪያው የሚሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በግል አስመጪ በኩል ለገባ መኪና ግን አብሮ መጥቷል ብሎ መቁጠር አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ ቻርጀር ወይም ኃይሉን ወደ 12 ቮልት የሚቀንሰው ክፍል ቢበላሽ ወጪው ከባድ ስለሆነ የተራዘመ ዋስትና ሊያዋጣ ይችላል። የሚያዋጣው ግን ሰጪው የራሱ ጋራዥ፣ የመመርመሪያ መሣሪያና መለዋወጫ ካለው ብቻ ነው። እዚህም የሚገለለውን ያንብቡ፤ ያልተስተካከለ የቤት መብራትና የመሬት ሽቦ አለመኖር ዋናዎቹ ናቸው። 32 አምፒር የሚስብ ቻርጀር ለብቻው የተዘረጋ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 40 አምፒር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ብዙ ጊዜ አትሸፈንም፤ እሷ ስትሞት ግን ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይነሳም።

ማናቸውንም ዋስትና ከገዙ የዕቃው ሲሪያል ቁጥር፣ የሱቁ ማኅተም፣ የእጅ ዋጋ መካተት አለመካተቱና ጥገናው የሚያልቅበት ቀን በጽሑፍ ይኑር። የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝም በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ያንሱት ወይም ኮፒ ያድርጉት። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ክሩስኮት ውስጥ ሲከርም ቀለሙ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ዓመት ሲገባ የሚያሳዩት ነጭ ወረቀት ይሆናል።