ከወፍ በሽታ በኋላ የገዛሁት የሸክላ ውሃ ማጣሪያ፣ ስምንት ወር ተጠቅሜበት

ይህን ማጣሪያ የገዛሁት ግንቦት ላይ ነው፣ የወፍ በሽታ ይዞኝ ገና ከአልጋ የተነሳሁ ሰሞን። ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሮ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ፣ የወጥ ሽታ ብቻ ያቅለሸልሸኝ ነበር። በምርመራ ሄፓታይተስ ኢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ተገኘብኝ። ሐኪሟ በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ አስረዳችኝና ወደ ባለቤቴ ዞረች። "አንቺ ስንተኛ ወርሽ ነው?" ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ይህ ቫይረስ ነፍሰ ጡርን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከያዘ በጣም ይከፋል። ከመቶ ከ20 እስከ 25 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ይህን ሰምቼ ቤት ስገባ የራሴን በሽታ ረሳሁት።

መንቀሳቀስ እንደቻልኩ መርካቶ ሄድኩ። ዕቃው ሁለት ተደራራቢ ነጭ ባልዲ ነው። ላይኛው ውስጥ የሸክላ ማጣሪያ ቆሟል፤ ውሃው በሸክላው ሰርጎ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል፤ ታችኛው ባልዲ ቧንቧ አለው። 2,800 ብር ከፈልኩ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄ ባክቴሪያም ቫይረስም አያሳልፍም። ከእንግዲህ ማፍላት ቀረልህ" አለኝ። አመንኩት።

ለቀጠሮዬ ስመለስ የካርቶኑን ፎቶ ለሐኪሟ አሳየኋት። 0.2 ማይክሮን ይላል፤ የሸክላው ቀዳዳዎች ስፋት ማለት ነው። "ባክቴሪያ ያስቀራል፣ አሜባና ጃርዲያም ያስቀራል" አለችኝ። "አንተን የያዘህ ቫይረስ ግን 0.03 ማይክሮን አካባቢ ነው። ሰተት ብሎ ያልፋል።" ለአሥር ቀን ሳላፈላ ለባለቤቴ ያጠጣኋት ውሃ ትዝ ሲለኝ ላብ አሰመጠኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆነችም። ግን እንደኔ ከወፍ በሽታ ድናችሁ ማጣሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ከመክፈላችሁ በፊት እወቁት። ሸክላው ብቻውን የወፍ በሽታን ቫይረስ አያስቆምም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያፈላን ነው የምንጨምርበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። የኤሌክትሪክ ማፍያችን እንደፈላ ራሱን ስለሚያጠፋ ተውነውና በድስት እናፈላለን። መብራት ሲጠፋ የተጣራው ውሃ ላይ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ እንጨምራለን፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ክሎሪኑ ይሸታል፣ ግን ይለመዳል።

ታዲያ ማጣሪያው ምን ጠቀመህ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው ቧንቧውን ነው። ድሮ የፈላ ውሃ በጀሪካንና በባልዲ አስቀምጠን ሁላችንም ኩባያ እየነከርን ነበር የምንቀዳው። እጅ ከነካው ማፍላቱ ምን ዋጋ አለው? አሁን ማንም እጁን አያስገባም። ሁለተኛው ድፍርሱ ነው። የኛ ሰፈር ፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ሐምሌ ላይ ከሮቶው የሚወርደው ውሃ ጭቃ ይመስል ነበር። ሸክላውን አውጥቼ በለስላሳ ብሩሽ ስፈትገው ቡናማ ልጥ እንደ ንፍጥ እየተላጠ ወረደ፤ ከሥሩ ነጩ ሸክላ ብቅ አለ። ያ ሁሉ ሆዳችን ውስጥ ሊገባ ነበር! በሳሙና ግን አትጠቡት፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ጣዕሙ ውሃው ላይ ይቀራል። ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት።

ጉድለቱ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቧንቧው ሥር ማንጠባጠብ ጀመረ። ጎሚኒው ስስ ነው። የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ወፈር ያለ ቀየረልኝ። ሲያጣራም ቀርፋፋ ነው፤ ማታ ሞልተን ጠዋት ነው የምንጠጣው።

ቤት ያለው ማጣሪያ ደግሞ ውጭ አይከተላችሁም። ቢሮ የራሴን ውሃ ይዤ እሄዳለሁ። ሰላጣና በረዶ የገባበት ጭማቂ ውጭ ትቻለሁ። ዓይኔ ቢጫ ከሆነ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ምግብ አልሠራሁም፤ ቫይረሱ ሦስት አራት ሳምንት ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ እጄን በሳሙና እፈትግ ነበር። እማዬ ከደብረ ብርሃን ተቀጥቅጦ የሚጠጣ ሥር ይዛልኝ መጥታ ነበር። መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት የቆሰለ ጉበት ላይ እንዳልጨምር ተነግሮኛል ስላት ቅር አላት። አጥሚት ሥሪልኝ አልኳት፤ ሳምንት ሙሉ ሠራችልኝ።

የጉበት ምርመራዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተስተካከለ። ሄፓታይተስ ቢ እንደሌለብኝ ከታወቀ በኋላ ክትባቱን ጀምሬ ነበር፤ ሦስተኛውን ታኅሣሥ ላይ ጨረስኩ። አንዱ ሄፓታይተስ ለቀቀ ማለት ሌላው አይይዝም ማለት አይደለም። ልጃችን ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሰላም ተወለደች። ኅዳር ላይ ክርስትናዋ ሲደገስ ጠላውን ለእንግዳ ቀዳሁ እንጂ አልቀመስኩም። ሐኪሟ ስድስት ወር አልኮል እንዳልነካ ነግራኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ለእማዬ ሁለተኛ ገዛሁላት። ማፍላቱ እንደማይቀር ደጋግሜ ነገርኳት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከኛም ከፍ ትላለች። በዚህኛው ግን ሳልከፍል ውሃ አስሞልቼ፣ ቧንቧው ሥር ሶፍት አንጥፌ ሩብ ሰዓት ቆሜ አየሁ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር።