የሞተር ሙቀት ሴንሰርን ለማዛወር አራት አማራጮች፦ ለሐረጎ ዳገት የሚሆነው የትኛው ነው?

በጎን ተኝቶ ይሠራ የነበረ ሞተር ገዝታችሁ የኋላ እግር በሚገፋ አሮጌ ኮሮላ ላይ ስትጭኑት፣ ሞተሩ ይዞርና የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጫፍ ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። እዚያ ጫፍ ላይ ያለው የኩላንት ሙቀት ሴንሰር ሶኬቱ ይጨናነቃል፤ አንድ ቀን ሲበላሽም ሞተሩ ካልወረደ አይፈታም። ስለዚህ ቦታ መቀየሩ ግድ ነው። ጥያቄው ወዴት የሚለው ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ መኪና ደግሞ መልሱ ሜዳ ላይ ከሚነዳው ይለያል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ይደርሳል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን መፍያውን ደሴ ላይ ወደ 114 ያወጣዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደከመ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። የብዙ መኪና ፋን የሚነሳው ከ90 በላይ ስለሆነ፣ ፋኑ ሳይዞር ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ጭነት ይዞ፣ ከሲኖትራክ ኋላ እየተንፏቀቁ ሲወጡ ደግሞ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ትንሽ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አምስት ዲግሪ አሳንሶ የሚያሳይ ሴንሰር ቴስታታ ያስጠምማል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ዳሽቦርድ ላይ ላለው ጌጅ የሚሠራው ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰርና ለኮምፒውተሩ የሚሠራው ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ባለ አንዱ ሽቦ ማሳውን (ኔጋቲቩን) የሚያገኘው በራሱ አካል በኩል ከሞተሩ ብረት ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ብሎ ጌጁን ከኮምፒውተሩ ሴንሰር ላይ መቀጠል ሁለቱንም ያሳስታል። ሁለት ሴንሰር፣ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋችኋል።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ በላይኛው የራዲያተር ጎማ መሐል የሚገባው የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ርካሽ ነው፣ መብሳት አይፈልግም፣ ጎማውን ቆርጦ በሁለት ክላምፕ ማሰር ነው። ለዚህም ነው ሁሉም የሚገዛው። ለጌጅ ብቻ ከሆነ አልቃወምም። ለኮምፒውተር ግን በፍጹም አልመክረውም። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው በራዲያተር እንዳይዞር የሚዘጋው ቫልቭ፣ እስኪከፈት ድረስ በዚያ ጎማ ውስጥ ውሃ አይዞርም። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሴንሰሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን እያበዛ ይረጫል። የደሴ ጠዋት ብርድ ላይ ይህ ጊዜ ይረዝማል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው፤ ጎማ ፈንድቶ ውሃው ከፈሰሰ ቀለበቱ ባዶ ይቀራል። ሴንሰሩ አየር እየለካ መርፌው ወደ ታች ሲወርድ ሞተሩ ይቃጠላል። ሹፌሩም መርፌውን አይቶ ዳገቱን ይጨርሳል።

ቀለበቱን ለጌጅ የምትገዙ ከሆነ የጎማውን የውስጥ ስፋት በካሊፐር ለኩ፤ 32 እና 34 ሚሊ በዓይን አይለዩም። ጫፉ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ የሌለውን አትውሰዱ፤ በግፊት ጎማው ይንሸራተታል። ላስቲክ መሐል የተቀመጠ ብረት ማሳ ስለማያገኝም፣ የማሳ ሽቦ ማሰሪያ ብሎን ያለውን ምረጡ።

ሁለተኛው አማራጭ በነባሩ ቀዳዳ ላይ የሚታሰር የነሐስ ቲ (በቲ ፊደል ቅርጽ የተሠራ ማገናኛ) ነው። አንድ ቀዳዳ ለሁለት ሴንሰር ይከፍላል፤ ቦታው ትክክለኛው ቦታ ነው። ችግሩ ሴንሰሩ ወደ ውጭ መሸሹ ነው። ጫፉ ከሚፈሰው ውሃ ወጥቶ የማይንቀሳቀስ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዘግይቶና አሳንሶ ያነባል፣ አየርም እዚያ ይታጎራል። አጭር ቲ ከሆነና የሴንሰሩ ጫፍ ረዥም ከሆነ ይሠራል። ሁለት ሦስት ማራዘሚያ ተቀጣጥሎ የወጣ ከሆነ ግን ንዝረቱ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ደግሞም ግድግዳው ለተጠጋበት ሞተር ቲ ጨርሶ አይገባም።

ሦስተኛው፣ በሂተር ጎማ ላይ የሚገባ ትንሽ ቀለበት፣ ከላይኛው ጎማ ይሻላል፤ በብዙ ሞተር ላይ የሂተሩ መስመር ቴርሞስታቱ ዝግ ሆኖም ይዞራልና። ይህ እውነት የሚሆነው ግን መስመሩ ላይ ቫልቭ ከሌለ ብቻ ነው። ብዙ የድሮ መኪኖች የሂተር ቫልቭ አላቸው፤ ሙቀቱን ስትዘጉት ውሃው ይቆማል፣ ሴንሰሩም የቆመ ውሃ ይለካል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሂተር ምን ያደርግልኛል ብሎ መስመሩን ራሱ ያስቆርጣል። ያን ጊዜ ሴንሰሩም አብሮ ይሞታል።

እኔ የምመርጠው አራተኛውን ነው፦ ውሃው ከቴስታታ ወደሚወጣበት ቤት ላይ አዲስ ቀዳዳ ማውጣት። ቤቱ በጥቂት ብሎኖች የታሰረ ስለሆነ ፈትታችሁ ቶርኖ ቤት ትወስዱታላችሁ፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ አይበሳ፣ ብናኙ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ለኤም 12 በ1.5 ጥርስ (12 ሚሊ ወርድ፣ በየ1.5 ሚሊው አንድ ጥርስ) 10.5 ሚሊ ይበሳል። ስስ ከሆነ የአሉሚኒየም ጉትቻ (ወፍራም ቁራጭ) በአርጎን ብየዳ ይለጠፍበትና እሱ ላይ ጥርስ ይወጣል፤ ብየዳው ፊቱን ሊያጣምም ስለሚችል ጋስኬት የሚቀመጥበት ገጽ ተመልሶ ይላጋል። ከአራቱ ውድና አድካሚው ይህ ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ጫፉን በሚፈሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል፣ ማሳውንም ከብረት ያገኛል፣ ሲበላሽ በቁልፍ ይፈታል።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። «የቴርሞስታቱ ቤት ላይ ብሱት» ይባላል። በቶዮታ 4ኤ ሞተር ግን ቴርሞስታቱ ያለው ውሃው ከራዲያተር ተመልሶ በሚገባበት በኩል፣ በታችኛው ጎማ ጫፍ ነው። እዚያ ከበሳችሁት የምትለኩት የቀዘቀዘውን ውሃ ነው። ሁልጊዜ የሚፈለገው መውጫው ነው፤ ያውም ቴርሞስታቱ ቢዘጋም ውሃ የሚዞርበት ክፍል።

ጥርስን በተመለከተ፣ ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የመጣ ነውና ሳትለኩ አትዘዙ። ብዙ የጃፓን የጌጅ ሴንሰር አንድ ስምንተኛ የሚባለው መጠን ሆኖ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ የአሜሪካው ስሪት 27 ነው። በእጅ ሲያስገቡት ሁለት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሄደው አሉሚኒየሙን እየበላ ነው። ሻጩ «አብሽር፣ ይገባል» ቢልም አሮጌውን ሴንሰር ይዛችሁ ሂዱ። ቴፍሎን በብዛት መጠምጠምም ባለ አንድ ሽቦውን ከማሳ ሊለየው ይችላል፤ ጥቂት ማሸጊያ ቅባት ይበቃል።

ሴንሰሩን ራሱን ስትገዙ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ስም የለሽ ይሻላል እላለሁ፤ ግን ከሻጩ ፊት ለኩት። የቶዮታ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። በማንቆርቆሪያ ውሃ የምትፈትኑ ከሆነ ቴርሞሜትር ጨምሩበት። ደሴ ላይ የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ አይደለምና፣ በ100 ሰንጠረዥ የለካችሁት ደህናው ሴንሰር የተበላሸ መስሎ ይታያችኋል።